ሽቦውን የያዘችው እጅ

አባቴ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ያየሁት በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያችው አንድ ቀን በቃችን። ፊት ለፊት አንቱ እያልሁት ነው ያደግሁት፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ እለዋለሁ። መዳፈር ከሆነም መዳፈር ይሁን፤ በሕይወቱ ሳለ አንዴም አልደፈርሁትምና አሁን ይፈቀድልኝ። አንቱ ስል ነገሩ ሁሉ አፌ ላይ ይለዝብብኛል፣ ይህ ነገር ደግሞ እንዲለዝብ አልፈልግም።

አባቴ ሰቆጣ ላይ የዜማ መምህር ነበር። ከጋዝጊብላም፣ ከደሃናም፣ ከዝቋላ ቆላም ተማሪ ይመጣለታል። በግቢያችን ዳር የሣር ጎጆ ቀልሰው፣ ቁራሽ እየለመኑ ይማራሉ። አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ድምፁ አልነበረም፤ ድምፁ እንኳ ሻካራ ነበር። የሚወራው ስለ ጆሮው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ መቋሚያውን አገጩ ሥር አስደግፎ ይሰማል። ተማሪው አንዲት ምልክት ከሳተ መቋሚያው መሬቱን አንዴ ይመታል። ደግሞ ከሳተ ደግሞ ይመታል። ሦስተኛው ምት ካረፈ «ተቀመጥ» ይላል፤ አለቀ፣ የዚያ ዓመት ልፋት ገደል ገባ። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። ጢም ያወጡ ወንዶች ከዚያች ቃል በኋላ ከአጥሩ ጥግ ተደፍተው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ከተማሪዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ወንድሜ ነበር፤ ታላቄ ነው፣ በሁለት ዓመት። አባቴ ወንበሩን ለሱ ሊያወርስ ገና በልጅነቱ ቆርጦ ነበር። እኔ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጬ ጥጥ እፈትላለሁ። ግድግዳችን ጭቃ ነው፣ ድምፅ አይከለክልም። እንዝርቴ ሲሾር ጆሮዬ እዚያው ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ የዓመቱ ዜማ ሁሉ ሳይታወቀኝ ውስጤ ገባ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ ተማሪ ርክርኩን፣ ማለትም ድምፅ እየተሰባበረ የሚወርድበትን ምልክት፣ ዘሎት ሲያልፍ ሰማሁና ከወዲህ ማዶ ሆኜ አቃናሁለት። አስቤ አልነበረም፤ አፌ ቀደመኝ።  አባቴ ወጥቶ መጣ። አልመታኝም፣ በመታኝ ይሻል ነበር። ሴት ልጅ ዜማ ብታውቅ የት ቆማ ልትለው ነው ብሎ ጠየቀኝና መልሴን ሳይጠብቅ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈትሉን ማድ ቤት ሆኜ እንድፈትል ታዘዘ። የማድ ቤቱ ግድግዳ ከዚያኛው ይቀጥን ነበር፤ ይህን ግን ማንም አላሰበም።

ወንድሜ ብቻ ያውቅ ነበር። ውሃ ቀድቼ ስመለስ መንገድ ላይ ይጠብቀኝና ይችን ቦታ እንዴት ነበር ያላት ይለኛል። እንስራውን እንዳዘልሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አሰማዋለሁ። ማታ አባቴ ፊት ያንኑ ይለዋል፤ ይመረቃል። እኔ ውሃውን ወደ ጋን እገለብጣለሁ። እወደው ነበር፣ ነፍሴን ነበር የምወደው። እቀናበትም ነበር። ሁለቱ አንድ ልብ ውስጥ አያድሩም የሚል ሰው እህት ሆኖ አያውቅም።

ያ ወንድሜ አንድ መስከረም ላይ ከነጋዴዎች በቅሎ ጋር ኮረም ወረደ፣ ከዚያ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገባ። ቀን የአስኳላ ትምህርት ሊማር ነው። እናታችን ከዚያ በፊት ሞታለች፣ እንኳን ያን አላየች። አባቴ አላለቀሰም፣ አልተራገመምም። ስሙ በዚህ ቤት አይነሳም አለ፣ አልተነሳም። አምስት ዓመት ሙሉ ወንድም የሌለኝ ሆኜ ኖርሁ። በዚህ መካከል እኔም አዲስ በተከፈተው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ደረስሁ፣ ለአስተማሪ ተዳርሁ፣ ባሌ ደሃና ስለተመደበ እዚያ ጎጆ ወጣሁ። የመጀመሪያ ልጅ በአባት ቤት ነው የሚወለደው፤ ስለዚህ ልወልድ ሰቆጣ ተመለስሁ። አራስነቴን የጠበቀችኝ የአባቴ እህት ናት፣ ደግ ሴት፣ ግን ጆሮዋ ከከዳት ዘመን አልፎታል። ኅዳር ላይ ሴት ልጅ ወለድሁ።

ልጄ ሦስት ሳምንቷ ሲሆን ጎረቤታችን ነጋዴው ከአዲስ አበባ ተመለሰ። እስላም ነው፤ ሱቁና የእኛ አጥር ይነካካሉ። አባቴና እሱ በፋሲካና በኢድ አንዱ የአንዱን ምግብ ባይበላም ሰላምታ አጓድለው አያውቁም። ወንድሜ መርካቶ ድረስ ፈልጎ አግኝቶት፣ መልእክት አሸክሞታል። ነጋዴው ደጃፋችን ቆሞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ቃል በቃል ነገረን። ወንድሜ ዜማውን አልጣለም። ቀን እየተማረ፣ በበዓል በበዓሉ አንድ ትልቅ ደብር ላይ ይቆማል። ዘንድሮ የገናውን ዜማ ሲመራ ሬዲዮ ጣቢያው አስቀድሞ በቴፕ ቀድቶታል፤ በበዓሉ ዕለት በአሥራ አንድ ሰዓት ይተላለፋል። አባቴ ይስማኝ ብሏል። ትክክል ነው ካለ ለፋሲካ መጥቼ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፤ ስተሃል ካለኝ ግን ሁለተኛ ደጁን አልረግጥም ብሏል።

አባቴ  በሦስተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ይሰማ አለ።  እኔን ደስታ አቅሌን አሳተኝ፣ ልጄን አቅፌ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስሁ። ወንድሜ እንደማይስት አውቃለሁ፤ ግማሹን ያስጠናሁት እኔ ነኝ። እሱ መጣ ማለት ነው ብዬ ለፋሲካ የሚለብሰውን ጋቢ በልቤ ማስፈተል ጀመርሁ።

ሬዲዮውን ነጋዴው አዋሰን። የራሱን ነው፣ ሱቁ ውስጥ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጠውን። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነው፤ የሚመዘዘው የአንቴና ዘንግ ከሥሩ ተሰብሮበት ስለነበር ከውጭ ሽቦ ካልሰጡት አይናገርም። የስልክ መሥመር ሲጠገን የተረፈ የመዳብ ሽቦ ሰጠን። የዘረጉት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እነሱም እንደኔ ሬዲዮ በቅርብ አይተው አያውቁም። አዲስ አበባ በየት በኩል ናት ተባባሉ፣ በደቡብ ናት ተባለ፣ ሽቦውን ከሰሜን ወደ ደቡብ ወጥረው ጫፉን ልክ እንደ ጣት ወደ አዲስ አበባ ጠቆሙት። ያ ሁሉ ድካም አልፎ ሬዲዮው ሲከፈት፣ ሹሹታ ብቻ። በሹሹታው ሥር፣ ሩቅ ወንዝ ማዶ የሚጣራ የሚመስል አንድ ሰው አለ፣ የሚለው ግን አይለይም።

ነጋዴው መጥቶ አየና ሳቀ፣ በክፋት አይደለም። ጆሮ ያለው አፍንጫ ላይ ነው ወይስ ጎን ላይ ነው ብሎ ጠየቃቸው። ሽቦ የሚሰማው በጎኑ ነው፤ ጫፉን ወደ ድምፁ ያዞረ ሽቦ ጀርባውን እንደሰጠ ሰው ነው አላቸው። ፈትተው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከባሕር ዛፉ እስከ ቤቱ ማዕዘን፣ ጎኑን ለደቡብ ሰጥተው ወጠሩት። ቆርቆሮውን እንዳይነካም አስጠነቀቀ፤ ከነካው ቆርቆሮው ድምፁን ይበላዋል። ጫፉን በተሰበረ የጠርሙስ አንገት አሳልፎ ራሱ አሰረው። ያን ጊዜ ዜና የሚያነበው ሰው ቤታችን ገብቶ የተቀመጠ ያህል ተሰማ። ከተማው እነ መሪጌታም ሳጥን አመጡ እያለ ሲያማን ሰንብቷል አሉ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እኛ አልሰማንም።

አንድ ችግር ግን ቀረ። ድምፁ ልክ ሲያምር ይሄዳል። አይቋረጥም፤ ይመነምናል፣ ሹሹታው ይውጠዋል፣ ቆይቶ ደግሞ ከማዶ ብቅ ይላል። ነጋዴው ይህ የአየሩ ጠባይ ነው፣ ሰው አያቃናውም አለ። እኔ አራስ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ነኝ፣ ሥራዬ ማጥባት ነው። ከሬዲዮው አጠገብ፣ ጋኑ ሥር፣ ውሃ እየተንጠባጠበ ከሚያርሰው መሬት ላይ በባዶ እግሬ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ልጄ እንቅልፍ ሲወስዳት ድምፁን ልቀንስ እጄን ስልክ፣ ሽቦው ከሬዲዮው ጋር የተቋጠረበትን ቦታ ነካሁት። ድምፁ ሞላ። ሹሹታው ተጠርጎ ጠፋ። ለቀቅሁት፣ መነመነ። ያዝሁት፣ ሞላ። ጫማ አድርጌ ሞከርሁ፣ እንደዚያ አይሆንም። በባዶ እግሬ እርጥብ መሬት ላይ ቆሜ ስይዘው ግን ሰውየው ሲተነፍስ ሳይቀር ይሰማል።

ነጋዴውን አስጠርቼ አሳየሁት። አራት አምስት ጊዜ አስያዘኝ፣ አስለቀቀኝ። በመጨረሻ ራሱን ነቅንቆ፣ ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሽቦው ግማሽ አንቺ ነሽ አለኝ። በሕይወቴ ለአንድ ነገር አንቺ ታስፈልጊያለሽ ያለኝ ሰው የለም ነበርና ያች ቃል አሞቀችኝ። ለአባቴም ነገርሁት፤ በዕለቱ ሽቦውን እኔ እይዛለሁ አልሁት። የጾሙ ሰሞን ነው፣ ሐሳቡ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ይሁን ብሎኝ አለፈ። አሁን ሳስበው የሰማኝ አይመስለኝም። ያ አገር የሚያወራለት ጆሮ እኔን ለመስማት የተሠራ አልነበረም።

የገና ዕለት ደረሰ። አባቴና ተማሪዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያደሩ ናቸው፤ ፈስከው፣ ጥቂት አሸልበው፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ተሰበሰቡ። እኔ አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚሰማ መስሎኝ ነበር። ስገባ ያየሁት ሌላ ነው። ተማሪዎቹ ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያ ይዘው፣ ግራና ቀኝ እንደ ማኅሌት ተሰልፈዋል። ሬዲዮው አትሮኖስ ላይ ተቀምጧል። ቅዱስ መጽሐፍ በሚዘረጋበት ላይ ማለቴ ነው። ነጋዴው ከደጁ ይህን ሲያይ፣ ይህ የጸሎት ነገር ሆነ፣ እኔ ውጭ ልቁም ብሎ በጨዋ ደንብ ወጣ። እኔ ግን ልጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እግሬን እርጥቡ መሬት ላይ ተክዬ፣ ሽቦውን ያዝሁ።

አስተዋዋቂው ተናገረ። ከዚያ ወንድሜ መጣ። ወይ ነዶ፣ ያ ድምፅ! ወፍሯል፣ በስሏል፣ ግን እሱ ነው፤ ውሃ መንገድ ላይ የሚጠብቀኝ ልጅ ነው። መነሻውን ቀስ አድርጎ አነሳው፣ አንዲት ነጠብጣብ አላጎደለም። ተማሪዎቹ ሲተያዩ አየሁ። የአባቴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አብሮት እያለ ነበር። አምስት ዓመት ስሙ ያልተነሳ ልጅ ያን ጊዜ ቤቱ ገባ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል ቤታችን ምሉ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ምሉ ሆኖ አያውቅም።

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። ያኔም ዓይኑ ደክሞ ነበር፣ ግን ቅርብ ያለውን ይለያል። እኔን አየኝ። እጄን አየ፣ ከእጄ የሚነሳውን ሽቦ አየ፣ ሽቦው አትሮኖሱ ላይ እስካለው ድረስ በዓይኑ ተከተለው። ልጄ ሃምሳ ቀኗ ነበር። ሴት የወለደች ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ወንድ የወለደች ግን በአርባ ቀኗ ትነጻለች። ወንድ ወልጄ ቢሆን ኖሮ ከነጻሁ አሥር ቀን አልፎኝ ነበር። ይህችን ሂሳብ ስንት ጊዜ እንዳሰላሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

«አራስ ናት፤ ትውጣ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«አባ፣ እንግዲያው ሽቦውን ሌላ ሰው ይያዘው፤ ካልተያዘ ድምፁ ይጠፋል» አልሁት።

እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘኝ። ዜማ ላይ ወሬ አይወራም። አጠገቤ ወደቆመው ተማሪ ሽቦውን ዘረጋሁለት፣ ያዘው በሚል ዓይን። ልጁ እጄን አየ፣ የአራስ እጅ ነው፤ አባቴን አየ፤ ሁለት እጁን ነጠላው ውስጥ ከተተ። ሽቦውን ለቀቅሁት። ጫፉ ጉዝጓዙ ላይ ወደቀ። ልጄን አቅፌ ወጣሁ።

ደጅ ነጋዴው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እኔ ገና ደፍ ሳልሻገር የወንድሜ ድምፅ ከኋላዬ መመንመን ጀምሮ ነበር። ነጋዴው ደንግጦ ለቀቅሽው እንዴ አለኝ፣ አስለቀቁኝ አልሁት። አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሄደና ቆመ። እሱ እስላም፣ እኔ አራስ። በዚያ ግቢ የሬዲዮውን ጠባይ የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነበርን፣ ሁለታችንም ውጭ ቆመናል።

ከዚያ ወዲያ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ የለመድሁት ነው። ጆሮዬን አስጠጋሁ። የወንድሜ ድምፅ ሹሹታው ውስጥ ይገባል፣ ቆይቶ ይወጣል። ሲወጣ ግን መውጣት ባለበት ቦታ ላይ ነው የሚወጣው! ምልክት የዘለለ ዘማሪ ከቦታው ቀድሞ ይገኛል፤ ይኼኛው ልክ እኔ በልቤ ስደርስ እሱም ይደርሳል። ጎደለ የተባለውን ሁሉ ብሎታል፣ እኛ አልሰማነውም እንጂ። ይህን የሚያውቅ፣ የጠፋውን በልቡ እየሞላ መከተል የሚችል ሰው ነው። አባቴ ይችል ነበር፣ ከማንም በላይ ይችል ነበር። ግን እሱ እንደ መምህር ነው የሚሰማው፣ ለመምህር ያልተሰማ ምልክት የተዘለለ ምልክት ነው።

ርክርኩ ላይ ሲደርስ ሹሹታው ዋጠው። መቋሚያው መሬቱን መታ። አንድ። ልጄ ደነገጠች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መታ። ነጋዴው ወደኔ ዞረ፣ ምን ማለት እንደሆነ ከአጥር ማዶ ለዘመናት ሲሰማው የኖረ ነው። እኔ እግዚአብሔር ሆይ አንዴ ብቻ አጥራው፣ አንዴ ብቻ እያልሁ ነበር። ሦስተኛው አረፈ።

«ተቀመጥ» አለ አባቴ፤ ለሬዲዮው፣ አትሮኖስ ላይ ላለው ሳጥን። ከዚያ የመዝጊያው ቁልፍ ቀጭ ሲል ተሰማ።

ነጋዴው ክብሩን ጠብቆ ገብቶ ነገረው። መሪጌታ፣ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው፣ የሽቦው ነው አለው። አባቴ ነጋዴ ለወዳጁ ይመሰክራል ብሎ አሳፍሮ መለሰው። እኔም ሞከርሁ። ጆሮዬን ሽቦ አያስተምረኝም አለኝ። እንዲያው ልጁን ጠልቶት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ፊቱን አይቼዋለሁ፣ ፊቱ የሚያዝን ሰው ፊት ነበር። እያዘነም ፈረደ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የወለደኝ።

በሳምንቱ ወረቀትና ቀለም አምጪ አለኝ። ዓይኑ በሞራ ስለተጋረደ መጻፍ ትቶ ነበር፤ ተማሪዎቹን እንዳያዝ ደግሞ የቤት ጉድ በቤት ልጅ ይጻፍ አለ። ሦስት መሥመር አስጻፈኝ። «ሰምቼሃለሁ። ሦስት ቦታ ስተሃል። ቃልህን ጠብቅ።»

እዚህ ላይ ነው ለዘመናት ስዋሽ የኖርሁት። ለባሌም፣ ለልጆቼም፣ ለንስሐ አባቴም ፈርቼ ነው ያንን የጻፍሁት ብያለሁ። ምን አስፈራኝ? ሰውየው አያነብም! የፈለግሁትን ብጽፍ የሚያውቅ አልነበረም። ና ብዬ ብጽፍ ይመጣ ነበር። ከሥር አንዲት መሥመር፣ ሽቦው ነው፣ አንተ አይደለህም ብዬ ብጨምር ይበቃ ነበር። ብዕሩን እንደያዝሁ ያሰብሁትን እንደ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። እሱስ ቢሆን አንዴ ውጭ ይቁም አልሁ። እኔ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ትክክል ብዬ ከግድግዳው ወዲያ ተባረርሁ፤ እሱም አንዴ ትክክል ብሎ ይባረርና ይወቀው። የተቀመጥሁት አንገቴን ደፍቼ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ነው። አንገት ደፊ አገር አጥፊ የሚሉት እኔን ነው። አባቴ ያለውን ሦስት መሥመር አንዲት ፊደል ሳልጨምር፣ አንዲት ሳልቀንስ ጻፍሁና ማኅተሙን አቀበልሁት። በማግስቱ ጸጸተኝ። በማግስቱ ግን ደብዳቤው የኮረምን መንገድ ይዟል፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ፋሲካ መጣ፣ ወንድሜ አልመጣም። ከፋሲካ በኋላ ነጋዴው አንድ ፖስታ በእጄ ሰጠኝ፤ ለአባቴ አልነበረም፣ ለእኔ ነው። ውስጡ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «የእጅ ጽሕፈትሽን አወቅሁት። አንቺም ሰምተሽኝ ነበር?»

የጠየቀው ስለ ጤንነቴ አይደለም። ወንድሜ በአባቴ ጆሮ ብቻ አልተዳኘም፤ ከልጅነቱ የመጨረሻው ዳኛ እኔ ነበርሁ፣ እንስራ ያዘልሁት። እኔ አልሳትህም ብለው ይበቃው ነበር። መልሱ አንድ ቃል ነው። አልጻፍሁትም። መጀመሪያ አፍሬ፣ ቀጥሎ አባቴ ይለዝብ ይሆናል ብዬ፣ ከዚያ ሁለተኛ ልጅ ተወለደ፣ ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። ሰማዩ ዘጋ፣ ዝቋላ በፊት ተፈታ፣ ቀጥሎ የደጋው ሰው መንገድ ያዘ። ቁራሽ የሚሰጥ ደጅ ሲጠፋ የአባቴ ተማሪዎች አንድ በአንድ ተበተኑ፤ ጎጆዎቹ ባዶአቸውን ቀሩ።

አባቴ የተኛው ያን ጊዜ ነው። ከደሃና መጥቼ አስታመምሁት። ዓይኑ ጨርሶ ጠፍቷል፣ ጆሮው ግን እስከ መጨረሻ አልደከመም። አንድ ከሰዓት በኋላ ያልጠየቅሁትን ነገር አነሳ።

«የዚያ ልጅ መነሻው እኮ ደኅና ነበር» አለ። «ከዚያ በኋላ ነው የጠፋው። ምን እንዳገኘው አላውቅም።»

«መነሻው ላይ እኔ ይዤው ነበር» አልሁት። «ያስወጡኝ ጊዜ ነው የጠፋው።»

  እጁን ዘርግቶ እጄን ፈለገ፣ ያችን ቀኝ እጄን፣ ያዛትና ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ጻፊለት፣ ይምጣ አለኝ። ያን ዕለት ጻፍሁ። ይምጣ ያለውን ጻፍሁ፤ ከሥሩ፣ ከዓመታት በኋላ፣ የራሴን ጨመርሁበት። ሰምቼህ ነበር፣ አንድም ቦታ አልሳትህም ብዬ ጻፍሁ።

አባቴ በየቀኑ መልስ መጣ ወይ እያለ ቆይቶ በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። ደብዳቤው እሱ ከተቀበረ በኋላ፣ በሁለተኛው ወር፣ ሳይከፈት ተመልሶ መጣ። ነጋዴው በደብሩም፣ በትምህርት ቤቱም አስጠይቆ ነበር። የደብሩ ሰዎች፣ ያ ልጅ አንድ ፋሲካ ሲቃረብ ከአባቱ ደብዳቤ ደረሰውና መቋሚያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወጣ፣ ከዚያ ወዲያ አላየነውም አሉት። ቢሞት መርዶ በመጣልኝ፣ ቢኖር ወሬ በሰማሁ። ሁለቱንም አላገኘሁም።

ዛሬ ቤቴ ሬዲዮ አለ፤ ሽቦውን ጎኑን ለደቡብ ሰጥቼ በጠርሙስ አንገት አስሬዋለሁ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። ገና በመጣ ቁጥር አንድ ልማድ አለኝ፤ ማንም ሳያየኝ ጫማዬን አውልቄ፣ መሬቱን ውሃ ረጭቼ፣ ሽቦውን እይዛለሁ። የሚዘምሩት ሌሎች ናቸው። የወንድሜ ጥያቄና የእኔ መልስ አንድ ሣጥን ውስጥ፣ እዚሁ እኔ ቤት ተቀምጠዋል።